የካፒቴን ቤን እናት

ጨረታው የተከፈተው ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። እታለማሁ ከልጅ ልጇ ከናዝራዊት ጋር በምትጋራው ክፍል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስትፈልግ፣ ልጇ ማኅደር ከግድግዳው ማዶ ጥርሷን እየቦረሸች ከወንድሟ ከበፍቃዱ ጋር በስልክ ትከራከር ነበር። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። እንደሚታወቀው ጨረታ ላይ ዋጋ የጨመረ ያሸንፋል፤ በዚህኛው ግን ሁለቱም ተጫራቾች ዕቃው እንዳይደርሳቸው ነበር የሚፎካከሩት። ዕቃዋ እታለማሁ ናት።

«ሁለት ዓመት እኔ ጋ ናት፣ ሁለት ዓመት!» ትላለች ማኅደር፣ አፏ አረፋ እንደሞላ። «ናዝሪ እኮ አሥራ አራት ሞላት፣ ፕራይቬሲ ትፈልጋለች። አንተ ብቻህን ነው የምትኖረው።»

«ማሂ፣ የኔ ክፍል ትንሽ ናት። ደግሞ ሥራዬን ታውቂያለሽ።»

«ምን ሥራ አለህ? መራመድ አይደል?»

«መራመድ ብቻ አይደለም።»

«ኦኬ፣ ስማኝ። ዛሬ ኦቨርታይም ገብቻለሁ። አንተ ጋ ትዋል። ማታ ስትመልሳት ግን መልስህን ይዘህ ና። የስ ኦር ኖ። አይ ሚን ኢት፣ በፍቄ።»

እታለማሁ እንግሊዝኛ አትችልም ይባላል፤ ሲጠይቋትም አልችልም ትላለች። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ራሱ ሲወራ የሚገባው እንግሊዝኛ አለ። «የስ ኦር ኖ» ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። እሷም በልቧ የምትፈልገው መልስ ነበራት። ማኅደር ጋ ምንም የጎደለባት ነገር የለም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እምብርት ላይ፣ በመስኮት የባቡሩ ሐዲድ የሚታይበት፣ በወር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር የሚከፈልበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ችግሩ ቀኑን ሙሉ ሰው የለበትም። ማኅደር ሆስፒታል ናት፣ ናዝራዊት ትምህርት ቤት ናት፤ ማታ ሲመለሱ አንዷ እንቅልፍ ውስጥ፣ አንዷ ስልኳ ውስጥ ትገባለች። እታለማሁ የምትውለው ከማቀዝቀዣው ጋር ነው። ማቀዝቀዣው አንዳንዴ ከመሬት ተነስቶ ሲያጉረመርም «ምነው? ማን ምን አለህ?» ትለዋለች። በፍቃዱ ጋ ብትሄድ ግን ሁለት ብቸኞች ይሆናሉ፤ ሁለት ብቸኛ ደግሞ ሲደመር እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። እናት ልጆቿን አታማርጥም ይባላል፤ ብታማርጥም አፏን መያዝ አለባት።

ስለዚህ ሥራ ለመቀጠር እንደሚፈተን ሰው ለበሰች። ግራጫውን ሹራብ፣ ናዝራዊት ፋሽኑ አለፈ ብላ የተወችውን አዲስ ስኒከር፣ ከላይ ማኅደር የገዛችላትን ጃኬት። ወገቧ መንገድ ላይ እንዳያሳጣት ለጥንቃቄ አንድ ኪኒን ዋጠች። ዋናው ነገር ሸክም መምሰል የለባትም። በፍቃዱ «ያን ያህል እኮ አልከበደችም» እንዲል ነው የፈለገችው።

በፍቃዱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ ደወለ፤ ወረደች።

«ደህና አደርሽ እማዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ደህና።»

ከዚህ በኋላ የተናገረው ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ነው። በፍቃዱ ዝምተኛ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ነው፣ ትዳር አልያዘም፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማኅደር ቤት ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ «ጤናሽስ?» ይላል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ «በይ እንግዲህ» ብሎ ይሄዳል። እታለማሁ አልፈረደችበትም። ሟቹ አባቱም እንዲሁ ነበር። አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ግሬደር ነጂ ሆኖ ሃያ ዓመት ሲሠራ፣ ከመስክ አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ስለ መንገዱ እንኳ አንድ ቀን አላወራም። ዝምታ እንደ አፍንጫ በዘር የሚተላለፍ ነገር ነው ብላ ከተወችው ቆይቷል።

ትልቁን ድልድይ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ የሚለው ሰሌዳ ብቅ ሲል እታለማሁ አማተበች። ምክንያት ነበራት። ያኔ አገር ቤት ሳለች በፍቃዱ በስልክ «አሌክሳንድሪያ ገባሁ» ሲላት፣ እሷ እስክንድርያ ብላ ሰማችው። በወሩ ጽዋ ማኅበር ላይም «ልጄ እስክንድርያ ገባልኝ» ብላ ተናገረች። ማኅበሩ በሙሉ እልል አለ። የቅዱስ ማርቆስ መንበር! ለኢትዮጵያ ስንት ዘመን ጳጳስ ስትልክ የኖረች አገር! የማኅበሩ ካህን ከመቀመጫቸው ተነስተው ሁለት እጇን ያዙ። ከዚያ ወዲያ በየድግሱ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእሷ ሆነ፤ «የእስክንድርያው እናት» ተባለች። አሜሪካ ከመጣች በኋላ ይህኛው እስክንድርያ ሌላ መሆኑን፣ ከማርቆስም ሆነ ከጳጳስ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ተረዳች። ለማኅበሩ ግን አልነገረችም። ሰውን ከደስታው ላይ ማውረድ ኃጢአት ነው።

መኪናውን ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ አቆመ። የኋላውን ኮፈን ሲከፍት እዚያ ውስጥ በፕላስቲክ የተሸፈነ ኮት ተጋድሟል፤ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ከአንገት እስከ ጉልበት የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት። ለበሰው። ቀጥሎ ባለ ሦስት ጥግ ባርኔጣ ከካርቶን አወጣና ደፋ። እታለማሁ ዞር ብላ አየችው።

«ለጥምቀት ታቦት የምታጅብ ትመስላለህ።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን ተወው።

«እማዬ፣ ከኋላ ከኋላ ነይ። ሲደክምሽ አረፍ በይ። ብቻ በመሃል እንዳትጠሪኝ። ሥራ ቦታ ስለሆነ ነው።»

«እኔ ለምን እጠራሃለሁ?»

«እንዲያው ነው።»

አደባባዩ ላይ፣ ፏፏቴው አጠገብ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ይጠብቁታል። እያንዳንዱ ሃያ ስምንት ዶላር ከፍሏል፤ ለመራመድ። ያውም መንገዱን የከተማው አስተዳደር ለሁሉም በነፃ አስቀምጦት። እታለማሁ ይህን ስታስብ ልጇ ቀላል ሰው እንዳልሆነ ተገነዘበች። ነጮቹ «ካፒቴን ቤን! ካፒቴን ቤን!» ይሉታል። ቤን ማን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

ከዚያ ልጇ አፉን ከፈተ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። በፍቃዱ ተናገረ። ሁለት ቃል አይደለም፣ ሦስት ቃል አይደለም፤ እንደ ቦይ ውኃ ነው የወረደው። እጁን ያወናጭፋል፣ ድምፁን ያወፍራል፣ ያቀጥናል፣ አንዴ እንደ ሰካራም መርከበኛ ይንገዳገዳል፣ አንዴ እንደ ባለ ሱቅ ሴት ወገቡን ይዞ ይቆጣል። ሰዉ ይስቃል። አንዱ ወፍራም ሰውዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እታለማሁ ከኋላ ቆማ ታያለች። ይህን ልጅ ወልዳዋለች፣ አጥብታዋለች፣ ኩፍኝ ሲወጣበት ሌሊት አብራው ተቀምጣለች፤ ይህን ሰውዬ ግን አይታው አታውቅም። ሀምሳ ጊዜ ሶፋ ላይ የተቀመጠው፣ «ጤናሽስ» ብሎ የሚሄደው፣ ይሄን ሁሉ ወሬ የት አስቀምጦት ነበር? ወሬ እንደ ደመወዝ ነው ማለት ነው፤ ሥራ ቦታ ያልቃል፣ ቤት አይደርስም።

ቡድኑ ሲንቀሳቀስ እሷም ከኋላ ከኋላ ሄደች። መንገዱ በቀይ ጡብ የተነጠፈ ነው፤ የዛፍ ሥር ከታች እየገፋው እዚህም እዚያም አብጧል። ቤቶቹ ትናንሽ፣ ደጃቸው ላይ የተሠራበት ዓመት በነሐስ የተጻፈባቸው፤ ባለቤቶቻቸውም መጋረጃ አይዘጉም፣ አላፊ አግዳሚው ሶፋቸውን እንዲያይላቸው ይመስላል። መንገድ ላይ አንዲት የሐበሻ ፊት ያላት ወጣት ሴት ወደ እሷ ቀረበች። አጠገቧ ሁለት ካሜራ ያንጠለጠለ ረጅም ነጭ ባሏ ነበር።

«ሃይ እማማ! ሐበሻ ነህ?»

እታለማሁ ወንድ አለመሆኗን ለማስረዳት አልሞከረችም። «ነኝ ልጄ።»

«ኦ ማይ ጋድ። እኔ ሳሌም። ከአትላንታ። አማርኛ... ትንሽ ትንሽ። አንተ እንግሊዝኛ አለህ?»

«የለኝም።»

«ደስ ይላል! እኔ እነግርሃለሁ። እነግርሻለሁ። ሶሪ።»

አስጎብኚው ልጄ ነው ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሥራ ቦታ ነው ተብላለች፤ ዋጠችው። እንዲህ ሆነና እታለማሁ የገዛ ልጇን ንግግር፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ በምታደርግ አስተርጓሚ በኩል ትከታተል ጀመር።

በሁለት ቤቶች መካከል የተሰነቀረች ሰማያዊ ቤት ጋ ሲደርሱ ቡድኑ ቆመ። ቤት ናት ከተባለ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ግድግዳው ይነካል።

«ጎረቤት ተናደደ» አለች ሳሌም። «እዚህ ሰው ያልፋል፣ ይረብሻል። ስለዚህ ለመናደድ ቤት ሠራ። መንገዱን ዘጋ።»

«ለንዴት የተሠራ ቤት!» እታለማሁ በዓይኗ ለካቻት። አልጋ በዚህ በኩል፣ ምድጃ በዚያ በኩል፣ አንድ ወንበር ለእንግዳ፤ እንግዳ ከመጣ። ለእሷ ትበቃታለች፣ ትተርፋታለችም። «ኪራዩ ስንት ይሆን?» አለች።

ሳሌም ሳቀችና ለባሏ ተረጎመችለት፣ እሱ አጠገቡ ላሉት፣ እነሱ ለፊተኞቹ፤ ሳቁ እየተንከባለለ ካፒቴን ቤን ጋ ደረሰ። ካፒቴን ቤን በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ አያት። የሆነ ነገር ጨምሮ አለ፣ ሰዉ ይበልጥ ሳቀ። እታለማሁ ደረቷ ሞቀ። ፈተናው ጥሩ እየሄደ ነው፤ እንዲያውም ለሥራው ጠቀመችው።

ወንዙ ዳር ሲወርዱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። ወንዙ ሰፊና ቡናማ ነው፤ አንድ አሮጌ የሚመስል ግን አዲስ የተሠራ የሸራ መርከብ ታስሯል፤ ከበላዩ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ሳሌም ጆሮዋ ላይ «እዚህ ሰው ይሸጡ ነበር» አለቻት። «ጥቁር ሰው። በመርከብ ይሄዳል። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ።» እታለማሁ ውኃውን አየች። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አንዱ መጸዳጃ ቤት ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ።

የመጨረሻው ማቆሚያ በድንጋይ የተነጠፈ ዳገት ነበር። ኮብልስቶን! እታለማሁ ሰፈር ይህን የሚያነጥፉት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ነበሩ፤ የእዚህን ያነጠፉት ምን ተመርቀው እንደሆነ የሚነግራት አልነበረም። ሰዉ ደረጃ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ካፒቴን ቤን ወደ አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ አመለከተ፤ ጣሪያው ላይ አጥር ያላት ጠባብ ሰገነት አለች፤ «የመርከብ ሰው ሚስት እዚያ ወጥታ ባሕር ታያለች» አለች ሳሌም። ንግግሩ ቀዘቀዘ። እንደ ቅድሙ አልተወናጨፈም። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ እንደ ውድ ዕቃ እያወጣ ማስቀመጥ ጀመረ። ከመካከላቸው አንዱን እታለማሁ አወቀችው። «ማዘር» አለ። «ማይ ማዘር።»

ቀና አለች። ከጃኬቷ ኮሌታ የወጣውን ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። አሁን ሊያስተዋውቀኝ ነው አለች በሆዷ፤ ሰዎቹ ሲዞሩ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳይ አሰበችና ፈገግታውን አዘጋጅታ ጠበቀች። ሰዎቹ አልዞሩም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ሶፍት አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። ያ ሲስቅ ያሳለው ወፍራም ሰውዬ መሬት መሬት ያያል። ሳሌምም ዓይኗ ሞልቷል።

«ምን አለ ልጄ?»

«ኦ እማማ። ሶ ሳድ። የሱ አባት ካፒቴን ነበረ፣ በመርከብ ሄደ፣ አልመጣም። እናቱ ባሕር ዳር ትቆማለች፣ ትጠብቃለች። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ባሕር ዳር ሞተች።»

«ነፍስ ይማር» አለች እታለማሁ።

አፏ ነው ያለው። ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ይባላል፤ ማን ነው ተብሎ ተጠይቆ አይደለም። ካለችው በኋላ ነው ወደ ኋላ ተመልሳ የሰማችው።

«ማን ሞተች አልሽኝ?»

«የካፒቴን ቤን እናት።»

«ባሕር ዳር?»

«ባሕር ዳር።»

እታለማሁ ባሕር ዳር ሄዳ አታውቅም። አንዴ የማኅበሩ ሴቶች ለጣና ገዳማት ሲዋጡ ወገቧ ታሞ ቀርታለች። ለአንድ አፍታ ይህ አጽናናት፤ ሌላ ሴት ናት ማለት ነው፣ የሌላ ቤን እናት። ቀስ ብሎ ነው የገባት። ልጅቷ ከተማውን ማለቷ አልነበረም፤ የባሕሩን ዳር ማለቷ ነው፣ ውኃው አጠገብ፣ መርከብ የሚመጣበት ጋ። በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም፤ በላዩ በአውሮፕላን ስታልፍም ተኝታ ነበር። ግን ሞታበታለች።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዞ በር ማንኳኳት ነው። የሚረዳው ሰው በሁለት ብብቱ ይደገፋል፣ ውኃ ይዘጋጃል፣ ጎረቤት ይነቃል። የእሷን መርዶ ግን በቀን ብርሃን፣ አይስክሬም በሚልሱ ሰዎች መካከል፣ ወንድና ሴት የማትለይ ልጅ አረዳቻት። የደገፋት አልነበረም። ለነገሩ ማን ይደግፋት? ሟች አይደገፍም። ምን በሽታ ገደለኝ ብላ አሰበች። ማን ገነዘኝ? ሣልስቴ ወጥቷል? ባሏንም አሰበችው፤ ምስኪን ግሬደር ነጂ፣ ከሞተ በኋላ ካፒቴን ሆኗል። እሱስ ሹመት ነው። እሷም ብትሆን አልተዋረደችም፤ ባሕር ዳር የቆመችው ሴት ቀጭን ናት፣ ታጋሽ ናት፣ ሰዉ ሁሉ ያለቅስላታል። ማንም «ዛሬን አንተ ውሰዳት» ብሎባት አያውቅም።

ካፒቴን ቤን ታሪኩን ሲጨርስ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። ዓይኑ መጥቶ እሷ ላይ አረፈ፤ ከዚያ እንደ ዝንብ ተነስቶ ሄደ።

«አንቺ ኦኬ ነህ?» አለች ሳሌም።

«ደህና ነኝ። ፀሐዩ ነው።»

ጥቅምት ነበር።

ሰዉ አጨብጭቦ ሲበተን የቱሩ ቢሮ ባለቤት ወጣች። ሚስ ዶሪስ የምትባል፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ በሹራቧ ላይ የመርከብ መልሕቅ የተጠለፈባት አሮጊት ናት። እታለማሁን አይታ በፍቃዱን ጠየቀችው። በፍቃዱ ባርኔጣውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ማይ አንት» አለ።

የናዝራዊት ጓደኞች እታለማሁን «አንቲ» ይሏታል፤ ትርጉሙ አክስት መሆኑ አልጠፋትም። ሚስ ዶሪስ ግን እንደሰማች ሁለት እጇን ዘርግታ አቀፈቻት፣ «ዩር ሲስተር፣ ዩር ሲስተር» እያለች ጀርባዋን ታሻሽ ጀመር። ሲስተር ለእታለማሁ ነርስ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ከማኅደር ጋር ያምታታቻት መሰላት። ቀጥሎ ገባት። ስለ እህቷ ሞት ነው የምታጽናናት። ስለዚያች ባሕር ዳር ስለሞተችው። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ለቅሶ ደራሽ ሚስ ዶሪስ ሆነች። እታለማሁም ለቅሶ ለደረሰ ሰው የሚባለውን አለቻት፦ «ብድር በምድር።» ሚስ ዶሪስ ምን እንደተባለች ሳታውቅ አለቀሰች፤ ከዚያ ለበፍቃዱ ብዙ ነገር ነገረችው።

እናትና ልጅ ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በፍቃዱ ሳትጠይቀው ስምንት ዶላር ከሃምሳ የሆነ አይስክሬም ገዛላት። ያዘችው።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። ሲያለቅሱ አየኋቸው።»

«አዎ፣ እዚያ ጋ ያለቅሳሉ።»

«ማን ሞቶ ነው?»

በፍቃዱ ወንዙን አየ። «የድሮ ታሪክ ነው እማዬ።»

«ነፍስ ይማር» አለች፤ አሁን አስባበት።

አንድ አውሮፕላን አለፈ። አይስክሬሙ በጣቷ ላይ መውረድ ጀመረ፤ ሶፍት ሰጣት። ሊናገር እንደሆነ አወቀች፤ አባቱም ሊናገር ሲል ጉልበቱን ነበር የሚያሸው።

«ማሂ ቤት ጠቦሻል። አውቃለሁ። እኔም የምኖረው ከቢሮው በላይ ነው፣ ሚስ ዶሪስ በርካሽ ነው ያከራየችኝ፣ አዝናልኝ። አሁን ደግሞ ከጎኔ ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ ለአክስትህ ይሁን አለችኝ። የራስሽ ክፍል። መስኮት አለው፣ ወንዙን ያያል።»

«መርከብ ይታያል?»

«አንዳንዴ።» ጉልበቱን አሸ። «ብቻ... እዚህ ሰዉ ሁሉ ያውቀኛል። አክስቴ ነሽ ብያቸዋለሁ። ለሥራው ነው። ረጅም ነገር ነው።»

«ረጅም ከሆነ ተወው።»

«ሰው ባለበት ልጄ እንዳትይኝ ነው።»

«ሰው በሌለበትስ?»

«እኔና አንቺ ብቻ ስንሆን ምን ችግር አለው!»

እነሱ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ተነጋግረው እንደማያውቁ አላስታወሰችውም። የቀለጠውን አይስክሬም አየችው፣ የሚጣልበትን ፈልጋ አጣች፣ በላችው። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው ነገር እጇ ገብቷል፤ ልጇ ነይ ብሏታል። ክፍል አለ፣ መስኮት አለ። ማቀዝቀዣው እንኳ የጋራ ሳይሆን አይቀርም።

«እሺ» አለች።

ሲመለሱም ቤልትዌዩ ብቻ ተናገረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሰው ሊፍቱን ሲወጡ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። ማኅደር የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታለች። እናቷን ሳይሆን ወንድሟን አየችው።

«ዌል?»

«የስ» አለ በፍቃዱ።

ማኅደር ብድግ ብላ አቀፈችው። ቀጥላ እናቷን አቀፈች፣ «እማዬ፣ ወንዝ እኮ ነው፣ አየሩ ራሱ! እኔም በየሳምንቱ እመጣለሁ» አለች፣ ፊቷ ላይ ከትከሻው ዕቃ ያወረደ ሰው እፎይታ ነበር። እታለማሁ «ይሁን፣ ይሁን» ብላ ልብሷን ልትሸክፍ ወደ ክፍሉ ገባች። እዚያ ቆየች። እህትና ወንድም ሳሎን ሆነው ስለ ፍራሽ ሲነጋገሩ፣ የትኛው ሱቅ ቅናሽ እንዳለው ሲከራከሩ፣ የሻንጣው ዚፕ ተሰማ። በሩ ተከፈተ።

እታለማሁ ጃኬቱንም ግራጫ ሹራቡንም አውልቃለች። ነጠላ ለብሳለች፤ አዘቅዝቃ። ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ አንገቷን ዞሮ ትከሻዋ ላይ ወጥቷል።

ማኅደር ጮኸች። «ማን ሞተ? እማዬ! ማን ሞተ?» ስልኳን አንስታ ከአገር ቤት ያመለጣት ጥሪ ይኖር እንደሆነ ታገላብጣለች። «ማን ነገረሽ? ንገሪኝ!»

«እህቴ።»

«የምን እህት? አንቺ እህት የለሽም እኮ!»

«ነበረችኝ። በፍቃዱ ያውቃታል። እዚያ አገር የሚያውቋት ሁሉ አልቅሰውላታል፤ እኔ እህቷ ነኝ የምለው ሐዘኗን ሳልቀመጥ ብገባ ሰው ምን ይለኛል?»

በፍቃዱ ሻንጣውን ሊቀበል የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስቅና የሚያስለቅስ አፍ አንዲት ቃል ብቻ አወጣ።

«እማዬ...»

«አክስቴ በል» አለችው፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እየፈለገች። «አፍህን ከአሁኑ አስለምደው።»

እሱ ሻንጣውን አላነሳም። ማኅደር ማን እንደሞተ ገና የነገራት የለም። ግን ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ማልቀስ ጀምራ ነበር።